ዓሣ የፈጨው አሸዋ

ወደ ማልዲቭስ የሚጓዝ ሰው አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር ማረፊያ መሬት የሌለ ይመስለዋል። በግራም በቀኝም ባሕር ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ራሱ አንድ ደሴት ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከተበተኑት 1,200 ገደማ ደሴቶች ሰው የሚኖረው በ200 ያህሉ ነው። አብዛኛው መሬት ከባሕሩ በላይ ከፍ የሚለው አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ደጋ ላይ ያደገን ሰው «ይህ አገር በምን ቆመ?» ያሰኘዋል።

መልሱ ከውኃው በታች ነው። መነጽር አጥልቆ ጭንቅላቱን የነከረ ሰው፣ ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ቆርጣሚው የበቀቀን ዓሣ ነው። ስሙን ያገኘው ጥርሶቹ ተገጣጥመው የበቀቀን መንቆር ስለሚመስሉ ነው። በኮራል ድንጋይ ላይና ውስጥ የሚኖሩትን ጥቃቅን ተክሎችና ሕዋሳት ለመብላት ድንጋዩንም አብሮ ይገምጣል። ጉሮሮው ውስጥ ያለው ሁለተኛ ጥርስ እንደ ወፍጮ ያደቅቀዋል። ምግቡ በሆድ ይቀራል፤ ድንጋዩ ነጭ አሸዋ ሆኖ ከኋላ ይወጣል። ልጆች ሲሰሙ መሳቃቸው አይቀርም፤ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት አሸዋ አብዛኛው በዓሣ ሆድ ያለፈ ነው!

ቫካሩ በተባለችው ደሴት ዙሪያ የተካሄደና በ2015 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ በየዓመቱ ከሚፈጠረው አዲስ አሸዋ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው የበቀቀን ዓሣ ሥራ መሆኑን አሳይቷል። አንድ ትልቅ ዓሣ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሊፈጭ ይችላል። አሸዋው የባሕሩን ወለል ያለብሳል፤ ማዕበል ደግሞ እየገፋ ደሴቱን ይከምራል።

ነገሩ ከሣቅ ያልፋል። በ1998 እና በ2016 (እ.ኤ.አ.) የባሕሩ ሙቀት ከልክ አልፎ የማልዲቭስ ኮራል ክፉኛ ተጎድቷል። ኮራል ሲሞት አልጌ ይወርሰዋል፤ ያንን እየጋጠ ለአዲስ ኮራል ቦታ የሚያጸዳውም ይኸው ዓሣ ነው። ስለዚህ እሱን አጥምዶ መጨረስ፣ ባሕሩ ከፍ እያለ ባለበት ዘመን የደሴቲቱን ወፍጮ እንደ መንቀል ነው።

የበቀቀን ዓሣ በቀይ ባሕርና በጂቡቲ ዳርቻም አለ። ልጅዎን ወይም የልጅ ልጅዎን ይዘው ወደዚያ ከወረዱ፣ ኮራሉን እንዳይረግጥና ሰብሮ እንዳይወስድ ይንገሩት። ጭንቅላቱን ሲነክር ደግሞ ጆሮውን ይስጥ፤ ቆሎ የሚቆረጥም ከሰማ፣ ነገ የሚጫወትበት አሸዋ እየተፈጨ ነው።