ብዩ ራሱ እንዲወጣ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ የ9 ዓመቱ የልጅ ልጄ የሚውለው ከእኔ ጋር ነው። የሶፍት ካርቶን ለሁለት እየሰነጠቀ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጠፈና ብይ ከላይ ወደ ታች የሚንከባለልበት መንገድ ሠራ። ብዩን በየጊዜው ከመሬት እያነሡ ወደ ላይ መመለሱ ግን አሰልቺ ነበር። «እቴቴ፣ ብዩ ራሱ እንዲወጣ ማድረግ አንችልም?» አለኝ።

ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ሴት ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ? ቢሆንም ጀመርን። ከተሰበረ የመጫወቻ መኪና በ2 ባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ሞተር አወጣን። ካርቶን በክብ ቆርጠን፣ ዙሪያውን 6 የሃይላንድ ክዳኖች አጣበቅንበት፤ አፋቸውን ክቡ ወደሚዞርበት አቅጣጫ አደረግን። ክዳኑ ከታች አንድ ብይ ይዞ ይወጣል፤ አናት ላይ ሲደርስ ዘንበል ብሎ ወደ መንገዱ ይለቀዋል። ሐሳባችን ይህ ነበር። ሞተሯን በቀጥታ ስናገናኛት ግን ብዮቹ ተስፈንጥረው ሶፋ ሥር ገቡ።

ፍጥነቱን መቀነስ ነበረብን። የሞተሯ ጫፍ ላይ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእስክሪብቶ ቀፎ ሰክተን፣ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው አሮጌ ሲዲ ጋር በላስቲክ አያያዝነው። ቀፎው ወደ 15 ጊዜ ሲዞር ሲዲው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። አሁንም ፈጠነ። ልጁ አኩርፎ ተኛ።

እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከመጀመሪያው ሲዲ ቀጥሎ ሁለተኛ ሲዲ ጨመርኩ። ክቡ ቀስ ብሎ፣ ብይ እየተሸከመ ዞረ። በደስታ ብቻዬን ሳቅኩ።

ጠዋት አስነሥቼ አሳየሁት። ለአፍታ አየና «ጨረሽው?» አለኝ። ከዚያ ቴሌቪዥን ከፈተ።

ያቺ አንድ ቃል ቀኑን ሙሉ ስትከነክነኝ ዋለች። ሥራ ላይ ሳለሁ ተማሪዎችን መርፌ አስተምር ነበር። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ፣ በሽተኛው አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር፣ ሲሪንጁን አልነጥቃቸውም፤ አጠገባቸው ቆሜ እጠብቃለሁ። ለሰው ልጅ የቻልኩትን ትዕግሥት ለገዛ ልጄ ልጅ ነፈግኩት።

ማታ ሁለተኛውን ሲዲ ነቀልኩና «የነጠቅኩህ ያንተን ሥራ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። ዝም አለ። በማግስቱ ግን ሞተሯን ይዞ መጣ።

መጀመሪያ አንዱን ባትሪ አወጣ። ክቡ ቀዘቀዘ፤ ብይ ሲጫንበት ግን ቆመ። ፍጥነቱ ሲቀንስ ጉልበቱም እንደቀነሰ ራሱ ደረሰበት። ባትሪውን መልሶ ብዙ አሰበ። ከዚያም ወጥ ቤት ገብቶ የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን አመጣ፤ የእኔን ሲዲ አልፈለገም። እኔ ያገዝኩት በመቁጠር ብቻ ነው። ጉሉኮስ ስንሰቅል ጠብታውን በሰዓት እየቆጠርን ፍጥነቱን እንደምናስተካክል ነገርኩትና የእጅ ሰዓቴን ሰጠሁት። ቆጠረ፦ በደቂቃ 22 ዙር። ብዩ ወጣ!

የእሱ ማሽን ከእኔው ይበልጥ ይንጫጫል፤ ከ6ቱ ክዳኖች አንዱ ብይ ይጥላል። የትኛው እንደሆነ ያውቃል፤ ቅዳሜ አስተካክለዋለሁ ብሏል።

አንድ ነገር በነርስነቴ ላሳስብ። ታናሽ እህቱ ገና 2 ዓመቷ ነው። ብይ ሕፃንን ሊያንቅ ስለሚችል፣ ስንጀምር ቆጥረን እናወጣለን፤ ስንጨርስም ቆጥረን ቆርቆሮ ውስጥ እንዘጋለን። ቆጠራው የእኔ ሥራ ነው። ያን ክዳን ግን አልነካውም፤ ቅዳሜን እጠብቃለሁ።