ስንት ሰው እሺ ይበል?

በእድር ስብሰባ ላይ ተቀምጠው ያውቁ ይሆናል፡፡ እኛ በሀደሮ የወሩ መዋጮ 10 ብር ይጨመር አይጨመር ብለን ስንከራከር፣ አንድ አባት «ሁሉም እሺ ካላለ ደንብ አይነካም» አሉ፤ አንድ ወጣት መምህር ደግሞ «ከግማሽ በላይ ካልን ይበቃል» አለ፡፡ ለመሆኑ ልኩ ስንት ነው?

ቢትኮይን በሚባለው የኮምፒዩተር ገንዘብ የሚገበያዩ ሰዎችም በዚሁ ተከራክረዋል፡፡ ደንቡን ለማሻሻል፣ ግብይቱን ከሚመዘግቡት ኮምፒዩተሮች ኃይል የ95 በመቶ ድጋፍ ተጠይቆ ነገሩ ለወራት ተጓተተ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 ቅር የተሰኙት ቢትኮይን ካሽ የተባለ ገንዘብ አቋቁመው ተለዩ፡፡ ለእነርሱ በሩ ክፍት ነበረ፡፡ ከእድር የወጣውን ግን ማን ይቀብረዋል? ስለዚህ በጥግ የተቀመጠችውን ዝንጅብል ቸርቻሪ መበለት ሳይጠይቁ እጅ መቁጠር አይገባም፡፡

በከምባታ ምድር ግን ከመዋጮ የከበደ ደንብ ነበረ፤ ይኸውም የሴት ልጅ ግርዛት ነው፡፡ ልጁን ሳያስገርዝ የቀረ አባት ባል የሚያሳጣት ይመስለው ነበርና፣ ልቡ ባይፈቅድም ብቻውን ከደንቡ መውጣት አልሆነለትም፡፡ ልጂቱንማ የጠየቃት ማን ነበረ!

የከምባታዋ ተወላጅ ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ጋር ከምባቲ ሜንቲ-ጌዚማ የተባለውን ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ሕዝቡን በመውቀስ አልጀመሩም፡፡ የቸገረው ድልድይ ነበርና አስቀድመው ድልድዩን አሠሩለት፤ ቀጥለው ወንዱንም ሴቱንም በአንድነት አስቀምጠው አወያዩት፡፡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች፤ ሙሽራውም እርሷን በማግባቱ እንደማያፍር በሕዝብ ፊት አሳየ፡፡ ያን ያዩ አባቶች ልጃቸው ብቻዋን እንደማትቀር አወቁ፡፡ በ10 ዓመት ገደማ ውስጥ፣ ሁሉን ያዳርስ የነበረው ግርዛት ወደ 3 በመቶ መውረዱ ተዘገበ፡፡

አንባቢ ሆይ፤ ልብ ይበሉ! ሁሉም እስኪስማማ ቢጠበቅ ኖሮ ስንቷ ልጅ በምላጭ ሥር ታልፍ ነበር! ሸክም ለመጫን ሲሆን ተሸካሚውን ጨምሮ ብዙ ሰው ይስማማ፤ ሸክም ለማውረድ ሲሆን ግን ቀድሞ የወጣው ሰው ብቻውን እንዳይቀር የሚያደርግ ቁጥር ይበቃል፡፡

ነገ እርስዎም በመሥሪያ ቤትዎ ኮሚቴ ውስጥ ይቀመጡ ይሆናል፡፡ «ስንት እጅ ወጣ?» ከማለትዎ በፊት፣ «ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ፡፡