ስለ መንግሥት ቋንቋና ስለ ባላገሩ ወረቀት

ቋንቋ ለሰው ሁለት አገልግሎት አለው። አንደኛው ከዘመዱ ጋር መነጋገሪያው ነው፤ ሁለተኛው ከመንግሥቱ ጋር መገናኛው ነው። የፊተኛውን ከእናቱ ጡት ጋር ያገኘዋል፤ የኋለኛውን ግን ሹማምንት ተመካክረው ይሰጡታል፥ ወይም ይነፍጉታል። ልዩ ልዩ ቋንቋ በሚነገርባቸው አገሮች ብዙው ጠብ የሚነሣው ከዚህ ከኋለኛው ነው።

ለዚህም የፓኪስታን ታሪክ ምስክር ይሆናል። ይህ መንግሥት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. ከህንድ ተለይቶ ሲቆም ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ በሁለት ወገን ነበረ፤ በመካከሉም ሰፊ የህንድ ምድር ተዘርግቶ ነበር። የምሥራቁ ሰው ቋንቋ ቤንጋሊ ነው፤ ቍጥሩም ከመላው ሕዝብ እኩሌታ ይበልጥ ነበር። ኡርዱ በአፍ መፍቻነቱ የጥቂቶች ነበረ። ዳሩ ግን የመንግሥቱ ወረቀት በኡርዱና በእንግሊዝኛ ይታተም ጀመር።

በ1948 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር ዲሬንድራናት ዳታ የተባሉ የኮሚላ ከተማ ጠበቃ በሕገ መንግሥቱ ጉባኤ ተነሥተው፥ ከኡርዱና ከእንግሊዝኛ ጋር ቤንጋሊም በጉባኤው ይነገር ብለው ለመኑ። ያቀረቡትም ምክንያት የረቀቀ ፍልስፍና አልነበረም። አንድ ድኻ ገበሬ በዳካ ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ልጁ ገንዘብ ሊልክ ወደ መንደሩ ፖስታ ቤት ይሄዳል፤ የሐዋላውን ወረቀት ቢቀበል በማያውቀው ቋንቋ ታትሞ ያገኘዋል፤ ስለዚህ የሚተረጕምለት ሰው ፍለጋ ሩቅ ከተማ ድረስ ይጓዛል አሉ።

ነገሩን እንደ ቅኔ ለሚመረምረው ሰሙ የሐዋላ ወረቀት ነው፤ ወርቁ ግን ክብር ነው። ግብር የሚከፍል ባላገር በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ በአስተርጓሚ ሊኖር አይገባውም ማለት ነውና። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊያቃት ዓሊ ኻን ግን ልመናውን እንደ መከፋፈል ቈጠሩት፤ የሙስሊሞች መንግሥት አንድ ቋንቋ ያስፈልገዋል፥ እርሱም ኡርዱ ነው ብለው መለሱ። ጉባኤውም አሳቡን ጣለው።

በማርች ወር የአገሩ መሥራች ሙሐመድ ዓሊ ጂና ወደ ዳካ ሄደው ያንኑ ቃል አጸኑ፤ በዩኒቨርሲቲው ሲናገሩም ተማሮቹ «አይሆንም» ብለው ጮኹ። የሚያስደንቀው፥ ስለ ኡርዱ የተናገሩት በእንግሊዝኛ ነበረ፤ የአባታቸውም ቤት ቋንቋ ጉጅራቲ እንጂ ኡርዱ አልነበረም። አሳባቸው አንድነት እንጂ ክፋት አልነበረም፤ ነገር ግን አንድነትንና አንድ ዓይነትነትን ሳይለዩ ቀሩ።

ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1952 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 21 ቀን፥ መሰብሰብ ተከልክሎ ሳለ የዳካ ተማሮች ወጡ፤ ፖሊስም ተኮሰባቸው። ራፊቅ፥ ባርካት፥ ጃባርና ሌሎችም ሞቱ። ጓደኞቻቸው ያቆሙላቸውንም መታሰቢያ ፖሊስ አፈረሰው። በ1956 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ቤንጋሊን ከኡርዱ ጋር የመንግሥት ቋንቋ አደረገ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ በ1948 ዓ.ም. በአንድ ወረቀት ይበርድ የነበረ ነገር በዚያን ጊዜ በሕግም የሚበርድ አልሆነም፤ ሌላ በደልም ተጨምሮበት በ1971 ዓ.ም. ምሥራቁ ተለይቶ ባንግላዴሽ ተባለ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈው ዳታም በዚያው ዓመት በማርች ወር በወታደር እጅ ተይዘው ተገደሉ። ዩኔስኮ በ1999 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 21ን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ብሎ ሰየመው።

ታሪኩ በዚህ ቢፈጸም ተበዳይ ካሰ፥ በዳይ አፈረ ተብሎ ይዘጋ ነበር። ነገር ግን በ1972 ዓ.ም. የባንግላዴሽ ሕገ መንግሥት የመንግሥቱ ቋንቋ ቤንጋሊ ነው፥ ዜጋውም ቤንጋሊ ይባላል ብሎ ሲጻፍ፥ ከቺታጎንግ ተራሮች የመጡት እንደራሴ ማናቤንድራ ናራያን ላርማ ተነሥተው፥ እኔ ቻክማ ነኝ እንጂ ቤንጋሊ አይደለሁም ብለው ተቃወሙ። የሰማቸው አልነበረም። በተራሮቹም ላይ ብዙ ዓመት ጦርነት ሆነ፤ ውሉ የተፈረመው በ1997 ዓ.ም. ነው።

ስለ ቋንቋው ደም ያፈሰሰ ሕዝብ የጎረቤቱን ቋንቋ ሊረሳ ከቻለ፥ ሌላው ምን ያህል ይጠንቀቅ! መንግሥት የሚሠራበት ቋንቋ ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ሕግ አውጪ ግን ብዕሩን ከማንሣቱ አስቀድሞ፥ በመንደሩ ፖስታ ቤት ወረቀት ይዞ የቆመውን ባላገር ያስብ።