የሸክላ ለቃሚ ኑዛዜ

በዶርም ጓደኞቼ ዘንድ መጠሪያዬ «ቆራሌው» ነው። ቅዳሜ ጧት ከረጢቴን በትከሻዬ አንጠልጥዬ ስወጣ፥ አንዱ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ «ቆራሌው!» እያለ ይሸኘኛል። በስሙ አልቀየምም፤ እውነት ነውና። ዳሩ ግን እኔ የምለቅመው ጠርሙስና ጣሳ ሳይሆን ሸክላ ነው፤ ከሸክላም የቫዮሊን ሸክላ። ባለፈው በጋ ሰበታ ላይ የሠራሁትን ሥራ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። እነሆ፥ አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ላንተ ልናዘዝ።

አመሉ የጀመረኝ አጎቴ ቤት ነው። አጎቴ በሞስኮ ተምሮ ሲመለስ ይዟቸው ከመጣው ዕቃዎች አንዱ የዳቪድ ኦይስትራክ ሸክላ ነበር። ኦይስትራክ (ከ1908 እስከ 1974 እ.ኤ.አ.) ከዘመኑ የቫዮሊን ሊቃውንት አንዱ መሆኑን ያኔ አላውቅም፤ የማውቀው መርፌው ሲያርፍ በመጀመሪያ ጭስስ የሚል የእሳት ድምፅ፥ ቀጥሎም ሰው የሚመስል ልቅሶ መሰማቱን ብቻ ነው። ያን ድምፅ ፍለጋ ይኸው እስከ ዛሬ እዞራለሁ።

ለማያውቅ ሰው ሸክላ ሁሉ አንድ ነው። ዐዋቂ ግን ሸክላውን ወደ ብርሃን ያዘነብልና ከወረቀቱ ዙሪያ ባለው ባዶ ቀለበት ላይ የተጫረችውን ቁጥር ያነባል፤ የመጀመሪያው እትም ይሁን ኋላ የታተመ የሚታወቀው በእሷ ነውና። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው አሮጌው ሸክላ ወፍራም መርፌ ይፈልጋል፤ አንዱ ገጽም ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይዘልቅም። በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞረው ረጅሙ ሸክላ ከ1948 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ ሲሆን ቀጭን መርፌ ይበቃዋል። ሁለቱም ሙቀት አይወዱም፤ ሲቀመጡም እንደ መጽሐፍ ቆመው እንጂ እንደ እንጀራ ተደራርበው አይደለም።

የቫዮሊን ሸክላ ፈላጊ ሁሉ በሕልሙ የሚያያት አንዲት ሴት አለች፤ ዮሐና ማርትዚ ትባላለች። ትውልዷ ሀንጋሪያዊ ሲሆን የሞተችው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የባኽን የብቸኛ ቫዮሊን ሥራዎች በ3 ሸክላ ቀርጻለች፤ የኮሎምቢያ ቁጥራቸውም 33 ሲ ኤክስ 1286፥ 1287 እና 1288 ነው። የመጀመሪያው እትም ሦስቱም አብረው ሲገኙ በውጭ አገር በብዙ ሺህ ፓውንድ ይሸጣሉ። ይህን ቁጥር እንደ ጸሎት በቃሌ አጥንቼው ነበር፤ ጥፋቴም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

«የባኽ ቫዮሊን እኛ አገር ምን ያደርጋል?» የሚለኝ አይጠፋም። የኢትዮጵያዊ ድምፅ በሸክላ መቀረጽ የጀመረው በነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሲሆን፥ እሳቸውም በ1900ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ግድም በርሊን ሳሉ ነው የተቀረጹት። በ1948 እ.ኤ.አ. ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ፤ ይህንንም አጥር ጥሶ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን ሸክላ ያወጣው ወጣቱ ዐምሓ እሸቴ ነው። ቫዮሊኑም ቢሆን እንግዳ አይደለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ዓለም የሚያውቃቸው በፒያኖ ቢሆንም፥ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ሳሉ ቫዮሊን ተምረው ነበር፤ ኋላም ካይሮ ላይ በፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ኮንቶሮቪች በ1944 እ.ኤ.አ. አብሯቸው መጥቶ የክቡር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መርቷል። እንግዲህ በአዲስ አበባ ቫዮሊን የሚመታ ወታደር በነበረበት ዘመን፥ የቫዮሊን ሸክላ የሚሰማ ቤትም ነበረ ማለት ነው።

ታዲያ እነዚያ ቤቶች ዛሬ የት ናቸው? ካዛንቺስና ፒያሳ የነበረው ሰው አርጅቶ፥ ወይ ልጆቹን ተከትሎ፥ ወይ ኪራይ ከብዶት ወደ ከተማው ዳር ወጥቷል። ስለዚህ የእኔ አደን ሥፍራ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚባለው ውስጥ የተጠቃለሉት ቡራዩ፥ ሱሉልታና ሰበታ ናቸው።

ቡራዩ ብዙ አልቀናኝም። ከአስኮ በታክሲ ስመላለስ ከርሜ ያገኘሁት አንድ ሸክላ የውኃ እንስራ መክደኛ ሆኖ ነው። ባለቤቷን ብጠይቃቸው «ከዚህ የተሻለ የሚገጥም አላገኘሁም» አሉኝ፤ እኔም አልተከራከርኩም።

ሱሉልታ ከዚህ ይለያል። እንጦጦን ተሻግረህ ሜዳው ሲዘረጋና ብርዱ ጆሮህን ሲነክስ፥ አንድ ሽማግሌ ቤት ትደርሳለህ። በአፋን ኦሮሞ ሰላምታ ሰጥቻቸው፥ ቡና ጠጥተን፥ ስለ ሸክላ ሳነሣ «መስማት ትችላለህ፤ መውሰድ አትችልም» አሉኝ። «አባባ፥ ደኅና ዋጋ እሰጥዎ ነበር» ብላቸው፥ «ዋጋውን ሰጥተኸኝ ማታ ምን ልሰማ ነው?» ብለው ሳቁ። ያን ዕለት በልቤ «ግትር ሽማግሌ» ብዬ ወጣሁ። መምህሬ መሆናቸውን ያወቅሁት ሰበታ ከሄድኩ በኋላ ነው።

ሰበታ ላይ ያገኘኋቸው እናት ባላቸው የሞቱባቸው ናቸው። ባለቤታቸው በክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ቫዮሊን ይመቱ ነበር አሉ። ከአልጋ ሥር አንድ ካርቶን ጎትተው «ልጄ፥ ከፈለግኸው ውሰደው፤ አይጥ ሊበላው ነው» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ካሴቱንና ጋዜጣውን ስገላልጥ፥ ከሥር አንድ ትልቅ ሽፋን አየሁ። ኮሎምቢያ። 33 ሲ ኤክስ 1287። ማርትዚ!

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ነው ኑዛዜው። ቁጥሩን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። ፊቴን አኮሳተርኩ። ሽፋኑን ከፍቼ ባየው መደሰቴ ያስታውቅብኛል ብዬ ሳልከፍተው መልሼ አስገባሁና፥ እንደ ሰለቸው ሰው «እማማ፥ እንዲያው ለሁሉም 500 ብር ልስጥዎት» አልኳቸው። እሳቸውም ብሩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቁኝ። ከሰበታ እስከ አየር ጤና ያ ምርቃት ሆዴን ሲያቃጥለኝ መጣ፤ ቢሆንም ካርቶኑን ከጭኔ ላይ አላወረድኩትም።

ማታ ጓደኞቼ ከተኙ በኋላ በሞባይሌ መብራት ሽፋኑን ከፈትኩ። በውስጡ የነበረው ያ ትልቅ ሸክላ አይደለም። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር ትንሽ ሸክላ ዱብ አለ፤ ወረቀቱ በጣት ብዛት ተፍቆ ስሙ አይነበብም። በሌባ ላይ ሌባ የመጣበት ሰው ለማን አቤት ይላል? ክብደቱን እንኳ ያላመዛዘንኩት በስግብግብነቴ ነው። ተናድጄ ተኛሁ። ጧት ግን ባጫውተው ማሲንቆ ሆኖ አገኘሁት፤ አንድ ማሲንቆ፥ አንድ ድምፅ፥ ሌላ ምንም። አንዱ ገጽ ከመደጋገም ብዛት መስመሩ ነጥቷል። ይህን ያህል የተሰማ ሸክላ ዐይቼ አላውቅም።

ሁለት ሳምንት ከራሴ ጋር ስሟገት ቆይቼ፥ በሦስተኛው ቅዳሜ ማጫወቻዬን ይዤ ሰበታ ተመለስኩ። መጀመሪያ የተናገርኩት ውሸቴን ነው፤ ሸክላው ውድ መስሎኝ እንደ ነበረ፥ ቁጥሩን እንደ ሸፈንኩት፥ 500 ብሩም ሽንገላ እንደ ነበረ። እሳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፥ «እኔ ደግሞ ለዚህ ልጅ ቆሻሻ ሸጥኩለት ብዬ ሁለት ሳምንት ስሳቀቅ ከረምኩ» አሉ። ከዚያ ትንሹን ሸክላ ከሽፋኑ ሳወጣው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው የወር ደመወዛቸውን ሰጥተው ያን የቫዮሊን ሸክላ ሲገዙ፥ እሳቸው አዲስ ሙሽራ ነበሩ። «የድመት ጩኸት ይመስለኝ ነበር» አሉኝ። ባለቤታቸውም ሳይቆጡ የማሲንቆ ሸክላ ገዝተው መጡ፤ ማታ ማታ አንዱን ካጫወቱ በኋላ ሌላውን እያስከተሉ፥ «ስሚ፥ ሁለቱም የፈረስ ጭራ ነው፤ ያኛው በአራት ጅማት ያለቅሳል፥ ይኸኛው በአንድ» ይሏቸው ነበር። «በአንድ ክረምት ለመድኩት» አሉ። ሁለቱ ሸክላዎች በአንድ ሽፋን ይቀመጡ ነበር። ትልቁ ከካዛንቺስ ሲወጡ በዕቃ ጭነት ተሰበረ፤ ትንሹ እዚያው ቀረ። እሳቸው ግን እሱም የጠፋ መስሏቸው ዓመታት ፈልገውታል፤ ዐይናቸው ስለ ደከመ ሽፋኑን ባዶ ነው ብለው ከካሴቱ ጋር ጣሉት።

አጫወትንላቸው። አጫወትን ያልኩት የልጅ ልጃቸውም መርፌውን በማሳረፍ ስለ ረዳችኝ ነው። ሲያልቅ ድገሙት አሉ። ከሦስተኛው በኋላ ቡና ተፈላ።

ሸክላውንም ሽፋኑንም እዚያው ትቼ፥ ካርቶኑ ውስጥ የነበረውን ሌላውን ሁሉ መልሼ ወጣሁ። 500 ብሩን ሊመልሱልኝ ቢያወጡ አልቀበልም ብዬ ተከራከርን፤ በመጨረሻ ግማሹን በግድ ኪሴ ከተቱት። ማጫወቻ የላቸውምና አሁን በወር አንድ ቅዳሜ የእኔን ይዤ እሄዳለሁ። ሱሉልታም ሄጄ ያንን ሽማግሌ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ስለ ምን እንደ ሆነ አልገባቸውም፥ ቡናውን ግን አልከለከሉኝም።

መልቀሜን ተውኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ደብተር ገዝቻለሁ፤ ሸክላ ባገኘሁ ቁጥር የሸክላውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን፥ የማን እንደ ነበረ፥ የት ቤት እንደ ተሰማና ማን አብሮ ይሰማው እንደ ነበር እጽፋለሁ። ይህን ሳይጽፍ ሸክላ የሚወስድ ሰው፥ እኔ ያን ሌሊት እንዳገኘሁት፥ ሽፋኑንና ሸክላውን ሳያገናኝ ይቀራል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከእናንተም መካከል አያቱ ወይም አክስቱ ቤት ከአልጋ ሥር ካርቶን ያለበት አይጠፋም። ንገሩኝ። ብገዛ ዋጋውን ፊት ለፊት እናገራለሁ፤ ባልገዛም አብረን እንሰማለን። ማጫወቻ ከሌለ ይዤ እመጣለሁ፤ መርፌዬም ገና ደኅና ነው።