ለወፍ የተከፈተ ጓሮ

ፓታጎንያ ሲባል የደቡብ አሜሪካ ጫፍ የሚታወሰው አንባቢ ይኖራል። ይህችኛዋ ግን በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ከሜክሲኮ ድንበር ብዙ ሳትርቅ ተራሮች መሃል ያለች፣ ነዋሪዋ አንድ ሺህ የማይሞላ ከተማ ናት። እኔን እስከዚህ ያመጣኝ አንድ የመኖሪያ ቤት ጓሮ ነው።

ዋሊና ማሪዮን ፓተን የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚህ መኖር ጀመሩና ሃሚንግበርድ ለሚባሉት ወፎች የስኳር ውኃ ሰቀሉ። ወፎቹ በዙ። ወፍ ሊያይ የመጣ መንገደኛ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሲያጮልቅ ጊዜ በሩን ከፍተው አስገቡት። አግዳሚ ወንበር አኖሩ፣ ጥላ ዘረጉ፣ ወፍ የሚለይባቸውን መጻሕፍት አስቀመጡ። የመግቢያ አልጠየቁም፤ ለስኳር መግዣ የሚጣልባት አንዲት ጣሳ ብቻ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለች። ሁለቱም ካረፉ በኋላ የወፍ ወዳጆች ገንዘብ አዋጥተው እ.ኤ.አ. በ2014 ቦታውን ገዙት። አሁን የሚያስተዳድረው በቱሳን ከተማ ያለ የአእዋፍ ጥበቃ ማኅበር ነው፤ በሩም እንደ ድሮው ክፍት ነው።

ሃሚንግበርድ ከአሜሪካ አህጉሮች በቀር የትም የለም። በአገራችን አበባ የሚቀስሙት ባለ ረጅም ምንቃር ወፎች፣ በተከዜ ስም የተሰየመው ጭምር፣ የሌላ ቤተሰብ ናቸው፤ እነሱ አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ አርፈው ነው የሚመጥጡት። ሃሚንግበርድ ግን አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይበራል። የትንንሾቹ ክንፍ በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ስለሚመታ ከወፉ በፊት ድምፁ ይደርሳል።

የስኳር ውኃው የሚቀርብበት መጋቢ ቀይ ግርጌ ያለው የተደፋ ጠርሙስ ነው። አንድ ወፍ፣ ጉሮሮው ሰማያዊ፣ ምንቃሩ ቀይ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት መጥቶ ምንቃሩን ቀዳዳው ውስጥ ሰደደ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ትንሽ አረፋ ሽቅብ ወጣች፣ ከዚያ ሌላ። የምላሱ ጫፍ ሁለት ነው። ፈሳሹ ውስጥ ሲገባ ይዘረጋል፣ ሲመለስ ይከደንና ፈሳሹን ይዞ ይገባል፤ ይህም በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ጥናት ይህን እስኪያሳይ ድረስ ምላሱ እንደ ቀጭን ቱቦ በራሱ ይስባል ሲባል ነው የኖረው።

ውሕዱ ቀላል ነው፤ አንድ እጅ ነጭ ስኳር ለአራት እጅ ውኃ። ቀለም አይጨመርበትም፣ የመጋቢው ቅላት ለመጥራት ይበቃል። ማርም አይሆንም፤ ማርና ውኃ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ጠጅ የጣለ ሁሉ ያውቃል፣ ወፉን ደግሞ ያሳምመዋል። ከባዱ ነገር ንጽሕናው ነው። በዚህ በረሃማ አገር ሙቀት ጠርሙሱ በየሁለት ቀኑ ግፋ ቢል ታጥቦ ካልተለወጠ ስኳሩ ይበላሻል። ፓተኖችን ያከበርኳቸው በሩን በመክፈታቸው ብቻ አይደለም፤ ይህን እጥበት ለዓመታት ስላላቋረጡም ነው። ማጠብ የማይችል ሰው ባይሰቅል ይሻላል።

አንድ ጉልበተኛ ወፍ መጋቢውን ይዞ ሌላውን ሁሉ ሲያባርር ይውላል። መፍትሔው መጋቢዎችን አንዱ ካንዱ እንዳይታይ አራርቆ መስቀል ነው፤ አንድ ወፍ ሁሉንም መጠበቅ አይችልምና።

ሰው ሁሉ የሚጠብቀው አናቱ ሐምራዊ፣ ደረቱ ነጭ የሆነውን ነው። ዋና አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ በአሜሪካ ለማየት ከዚህ ጓሮ የተሻለ ቦታ ጥቂት ነው። ሲመጣ ወንበሩ ላይ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደዚያው ዞረ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች በጣት ይጠቋቆሙ ጀመር።

በነሐሴና በመስከረም በዚህ አካባቢ ጠርሙስ ማታ ሞልቶ ጠዋት ባዶ ሆኖ ይገኛል። ጠጪዎቹ ከሜክሲኮ የሚመጡ፣ የአበባ ማር የሚቀስሙ የሌሊት ወፎች ናቸው። አንዳንዱ ባለቤት ሲመሽ መጋቢውን ወደ ቤት ያስገባል። እኔ ብሆን ውጭ እተወዋለሁ፤ የዚህን በረሃ ቁልቋል የአበባ ብናኝ ከአበባ ወደ አበባ ከሚያደርሱት መካከል ናቸው፣ ስኳሩ ይገባቸዋል።