ሐሙስ ያስተማርነውን ቅዳሜ ረሳነው

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣችን ሰሌዳ ላይ ግጥምም፣ ምክርም፣ የኳስ ውጤትም ስታነቡ ቆይታችኋል። እኛ አራት ሠልጣኞች ዛሬ ይዘን የቀረብነው የራሳችንን ጉድ ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅብን፤ ግን እስከ መጨረሻው ያንብብልን።

ባሕር ዳር ስሟ እንደሚናገረው የባሕር ዳርቻ ናት። ጣናን መጽሐፉ ሐይቅ ይበለው እንጂ የአገሩ ሰው «ባሕር» ይለዋል። ዳር ቆሞ ወዲያ ማዶ ለተመለከተ ሰው እውነትም ባሕር ቢባል አይበዛበትም። ስፋቱ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በተለይ ከመካከላችን ለአንዱ፣ ከምንጭና ከጅረት በቀር ሌላ ውሃ ሳያይ ላደገው የደጋ ልጅ፣ ጣና ሁልጊዜ አዲስ ነው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ሐሙስ ዕለት ለማስተማር ልምምድ በተመደብንበት ትምህርት ቤት ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ስለ ብልሃርዚያ አስተማርን። በትልቅ ወረቀት ላይ ሥዕል ሠርተን ሰቀልን። ትሉ ያለበት ሰው ውሃ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ይፈለፈላል፤ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ባገኘ ጊዜ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ቀስት በቀስት እያደረግን አስረዳን። በመጨረሻም «ስለዚህ ልጆች፣ ሐይቅ ውስጥ አትግቡ!» አልን። ልጆቹም በአንድ ድምፅ ደገሙልን። ያየን መምህራችንም አመሰገኑን፤ እኛም ደረታችንን ነፍተን ወጣን።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ለእግር ጉዞ ወጣን። ከወደቡ ተነሥተን፣ ሐይቁን በግራ አድርገን፣ ዐባይ ከጣና ወደሚወጣበት አቅጣጫ በዳርቻው ሄድን። ጥላው ደስ ይላል፤ ወፉ ብዛቱ! አንድ ስፍራ ላይ ታንኳ የሚሠሩ ሰው አገኘን። ደንገሉን እየጠቀለሉ ያስራሉ። የተሠራ ታንኳ አጠገባቸው ዛፍ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ይሄ ለምን ቆመ?» አልናቸው።

«ውሃ ጠጥቷል ልጆቼ። ደንገል ውሃ ይጠጣል። አውጥተን ካላደረቅነው ይከብዳል፣ ቶሎ ይበሰብሳል» አሉን። ሲናገሩም እጃቸው ሥራውን አላቆመም።

ዝቅ እንዳልን ፀሐዩ በረታ። ያ የደጋ ልጅ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ሰበሰበና ደንገሉ መካከል ገባ። «ኧረ ና፣ እንዴት ይቀዘቅዛል!» አለ። ምን እንዋሽ፣ ሁላችንም ተከተልነው። እስከ ጉልበታችን ገብተን ውሃ እየተራጨን፣ ፎቶ እየተነሣን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን። ከአራታችን አንዱ እንኳ የሐሙሱን ሥዕል አላስታወሰም።

ያስታወሰን ሌላ ነው። የዓሣ መንጠቆ የያዘ ልጅ ዳር ላይ ቆሞ ያየናል። ከስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አንዱ ነው!

«ቲቸር፣ ትሉ እናንተን አይነካም እንዴ?» አለ።

ዝም አልን። ከመካከላችን አንዱ «እኛ እኮ ትንሽ ብቻ ነው የገባነው» ብሎ መለሰ። ባይመልስ ይሻል ነበር።

«እኔም ነገ ትንሽ ብቻ እገባለሁ» አለን ልጁ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ወጥተን እግራችንን በሸሚዛችን አደራረቅን፤ መንገዱንም በዝምታ ተመለስን።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ ጤና ጣቢያ ሄድን። የጤና ባለሙያዋ ትሉ በሰውነት ውስጥ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ሳምንታት ስለሚፈጅ ያን ዕለት ቢመረመሩት እንደማይታይ ነግረውን በኋላ እንድንመለስ ቀጠሩን። ሁለተኛ፣ ክፍል ገብተን ጥፋታችንን ለልጆቹ ተናገርን። ሳቁ። ሲስቁ ቀለለን። ወዲያው ግን ያ ልጅ እጁን አወጣ።

«አባቴስ? ደንገል ሲያጭድ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ነው። አትግባ ልበለው?»

እውነተኛው ፈተና ይህ ነበር። ትምህርታችን አጥር ውስጥ ለሚውል ሰው የተዘጋጀ ነበር እንጂ እንጀራው ከውሃው ለሚወጣ ሰው አልነበረም። ያን ዕለት ሰሌዳው ላይ የነበረውን አንድ መስመር አጥፍተን ሦስት ጻፍን፦ ውሃ ዳር አለመጸዳዳት፤ በየጊዜው መመርመር፤ ከተገኘ መድኃኒቱን መውሰድ። ፕራዚኳንቴል የሚባል እንክብል አለ፤ ትሉን ይገድላል። ውሃው ዳር የሚጸዳዳ ከሌለ ቀንድ አውጣውም ትሉን ከየት ያገኘዋል? ልጁ ይህን ለአባቱ ሊነግረው ይችላል።

በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ አነበብን። እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ሲሄዱ፣ ከአጠባው ቦታ በታች ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። ለምን ብለው ጠየቁ፤ እንዶድ የብልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድልም በጥናት አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉበት። እሳቸውም በውሃ ዳር ተራመዱ፣ እኛም ተራመድን። ልዩነቱን ለእናንተ እንተወዋለን።

ውድ አንባብያን፣ ሐይቅ ዳር አትሂዱ አንልም። ሂዱ! ጫማችሁን ግን አታውልቁ፤ በተለይ ውሃው ረጋ ያለበትና ደንገል የበዛበት ቦታ አትግቡ። ታንኳ ሠሪውን ጠይቁ፤ ዓሣ አጥማጁን ጠይቁ። ነገ የምንመደብበት ቀበሌ ሐይቅ ባይኖረው ወንዝ፣ ወንዝ ባይኖረው ኩሬ አያጣም። ዳሩን ሳናይ ክፍል አንግባ።

የምርመራ ቀጠሯችን ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ውጤቱን እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን።