የቁስቋም ወረቀት ከኅዳር ጭስ ይትረፍ

ከስድስት ኪሎ ተነስቶ፣ የአሜሪካ ኤምባሲን አልፎ፣ የሽሮ ሜዳን የሀገር ልብስ ሱቆች እያየ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ቁስቋም መቃረቡን የሚያውቀው በአየሩ ነው። ንፋሱ ቀዝቀዝ ይላል፤ የባሕር ዛፍ ሽታም ከእንጦጦ ወርዶ ይቀበለዋል። በጉለሌ የሚገኘው ይህ ሰፈር የሚጠራው በቁስቋም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስም ነው።

ለሰፈሩ ኅዳር ትልቅ ወር ነው። ኅዳር 6 የእመቤታችን የግብፅ ስደት እየታሰበ የቁስቋም በዓል ይከበራል። ስድስት ቀን ቆይቶ፣ ኅዳር 12፣ እንደ መላው አዲስ አበባ "ኅዳር ይታጠናል"። አያቶች ከወላጆቻቸው እንደሰሙት፣ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ሲያጠቃ ቆሻሻው ተጠርጎ ተቃጠለ፤ ልማዱም እስከ ዛሬ ዘለቀ።

ልማዱ ጽዳትን አስተምሮናል። የሚቃጠለው ነገር ግን ተለውጧል። ያኔ ቅጠልና ገለባ ነበር፤ ዛሬ ፌስታል፣ ካርቶንና የልጆች ደብተር ተጨምሮበታል። ጭሱ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው አስም ያለባቸውን አረጋውያንና ሕፃናትን ነው።

እስቲ ወረቀቱን ብቻ እንመልከት። ወረቀት የሚሠራው በአብዛኛው ከእንጨት ነው። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በብራዚልና በፖርቱጋል በሰፊው የሚተከለው ለወረቀት ነው። በቁስቋም ግን ባሕር ዛፍ ማገዶ ነው፤ ጭራሮና ቅጠል አዝለው ከእንጦጦ የሚወርዱ እናቶችን ያየ ሰው የሸክሙን ክብደት አይረሳውም። ሀገራችን ብዙ ወረቀትና የወረቀት ጥሬ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች። ታዲያ ይህ ነገር በየደጃችን አመድ ሲሆን አያስቆጭም?

"ካልተቃጠለ መኪና ይወስደዋል" ማለትም መፍትሔ አይሆንም። ለአሥርት ዓመታት የከተማዋ ቆሻሻ የተቆለለበት ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከእኛ ደጅ የተነሳ ቆሻሻ የሚያርፈው ሌላ ሰው ደጅ ነው።

ወረቀትን ማዳን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቆሎ በአሮጌ ደብተር ወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ እናቶች መደርደሪያቸውን ጋዜጣ ያነጥፉበታል። አሮጌ ዕቃም "ቁራሌው!" እያለ ለሚዞረው ወጣት ይሸጣል። ፋብሪካ የደረሰ ወረቀት በውኃ ተዘፍዝፎ ይላቆጣል፤ ከዚያ ተዘርግቶ ይደርቅና ካርቶን፣ የእንቁላል መያዣ ወይም ሶፍት ይሆናል። በየዙሩ የእንጨቱ ክር እያጠረ ስለሚሄድ ይህን መደጋገም የሚቻለው ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ያህል ነው።

ዋናው ነገር ወረቀቱ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ መቆየቱ ነው። ዘይት ወይም ወጥ የነካው፣ የተጠቀምንበት ሶፍትና የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ከሌላው አይቀላቀል። የቁስቋም ክረምት ዝናባማ ስለሆነ፣ ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አንድ ባዶ ማዳበሪያ ውኃ በማያፈስበት ጥግ ማስቀመጥ ይበቃል።

በጎ ፈቃደኛ ማለት ሰደርያ የለበሰ ወጣት ብቻ አይደለም። አያት ቁጭ ብለው የደብተሩን ያልተጻፈበት ገጽ እየለዩ በመርፌና በክር ሰፍተው አዲስ ደብተር ሊያወጡ ይችላሉ። የልጅ ልጅ የቀረውን ማዳበሪያው ውስጥ ይከታል። እድሩ በወር አንድ ቅዳሜ የየቤቱን ሰብስቦ በኪሎ ቢሸጥ፣ ገንዘቡ መስከረም ላይ ደብተር ለጎደለበት የጎረቤት ልጅ ይደርሳል። በየክረምቱ ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተር የሚያሰባስቡ ወጣቶችም አጋዥ ያገኛሉ።

ከአንድ ቤት የሚወጣው ወረቀት ጥቂት ነው፤ የመንደሩ ሁሉ ሲደመር ግን ጭነት ይሆናል። አበው "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይላሉ። የፊታችን ኅዳር 12 ግቢያችንን እንደ ወትሮው እንጥረግ፤ ክብሪቱን ከመጫራችን በፊት ግን ወረቀቱን እንለይ።